ከባንክ ስራዬ ጎን ላይፍ ኮቺንግ ልጀምር ነው፤ ደሴ ላይ ከየት ልነሳ?

የሆጤ ልጅ | ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለቤቱ። ከአመት በላይ ዝም ብዬ ሳነብ ነው የቆየሁት። ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ መጣሁ። ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ዕድሜዬ 27 ነው። የምኖረው ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው፣ የምሰራው ኮምቦልቻ ባንክ ቤት። በየቀኑ የሐረጎን ዳገት ወርጄ ሐረጎን እወጣለሁ። ሚኒባስ ውስጥም ሆነ መስኮት ላይ ሰው ችግሩን ይነግረኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ብር ሊያወጣ የመጣ ሰው ልጁ ትምህርት እንዳቆመ አጫውቶኝ ይሄዳል። ይሄን ነገር ሙያ ላድርገው ብዬ ማሰብ ከጀመርኩ ቆየሁ።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ የአምስት ቀን ስልጠና ወሰድኩ። 14 ሺህ ብር ከፍያለሁ። ስምንት ወር ያጠራቀምኩት ነው። ያሰለጠነንን ድርጅት ስም አልጠራም። አምስቱን ቀን አዳራሽ ቁጭ ብለን ሰማን፣ አጨበጨብን፣ ተቃቀፍን። በመጨረሻው ቀን "የተረጋገጠ የህይወት አሰልጣኝ" የሚል ሰርተፍኬት ተሰጠን። አንድ ቀን እንኳ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን አልተለማመድንም። ይሄ የታወቀኝ ደሴ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ከዚያ የፌስቡክ ገጽ ከፈትኩ። በየጠዋቱ አነቃቂ ጽሑፍ እለጥፋለሁ። ላይክ አለ፣ "ተባረክ" የሚል አለ። "ላናግርህ እፈልጋለሁ" ያለኝ ሰው ግን እስካሁን የለም።

አሁን ሁለት ሐሳብ ይዞኛል። ስራዬን ለቅቄ ሙሉ በሙሉ ልግባበት? ወይስ ሌላ ስልጠና ልጨምር? ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ይህን የሚሰራ ሰው ካለ እንዴት እንደጀመረ ቢነግረኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ቦርከና | ማክሰኞ ማታ 3፡05

ወንድሜ ስራህን እንዳትለቅ። እኔ የራሴን ልብስ ስፌት ልክፈት ብዬ ደመወዜን ትቼ ወጥቼ ነበር። በአራተኛው ወር የቤት ኪራይ እያሰብኩ የደንበኛዬን ልኬት ተሳስቼ ቆረጥኩባት። አንተ ደግሞ የምትይዘው ጨርቅ አይደለም፣ ሰው ነው። ቅዳሜና እሁድ አለህ፣ በዚያ ጀምር።

ጡረተኛዋ መምህርት | ማክሰኞ ማታ 4፡20

የሆጤ ልጅ፣ አብሽር። ገንዘቡ ቢያናድድህም አልዘገየህም።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት አስተማርኩ፤ መጨረሻ ላይ የጋይዳንስ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ኮቺንግ የሚባለውን በኮሮና ጊዜ ከውጭ አገር በኢንተርኔት ተማርኩ። አሁን በሳምንት አራት ሰው እቀበላለሁ። ከዚያ በላይ ጉልበቴም ጆሮዬም አይችልም።

በመጀመሪያ ይሄን ነገር እንለይ። አነቃቂ ንግግር አንድ ሙያ ነው፣ ኮቺንግ ሌላ ነው። አነቃቂው ይናገራል፣ ሰው ይሰማል። ኮቺንግ ላይ ደግሞ የሚናገረው የመጣው ሰው ነው፤ አሰልጣኙ ይጠይቃል፣ ይሰማል። "አሰልጣኝ" የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል፣ ምክንያቱም የምታሰለጥነው ነገር የለም። ፌስቡክ ላይ የምትለጥፈው ለመጀመሪያው ሙያ ነው። ለዚህ ነው ላይክ መጥቶ ሰው ያልመጣው።

እንዴት እንደጀመርኩ ልንገርህ። ለሦስት ሰዎች "በነጻ ስድስት ስድስት ጊዜ ልቀመጥላችሁ፣ እናንተ ደግሞ ታስተምሩኛላችሁ" አልኳቸው። አንዷን ምሳሌ አድርጌ ልጽፍ ነው። ራሷን አስፈቅጃለሁ፣ የምትለይበትንም ነገር ቀይሬአለሁ።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት መስመር ላይ የምትሰራ ልጅ ናት። ፓርኩ በ2009 ከተከፈተ ወዲህ እንደሷ ከገጠር መጥተው ሦስት አራት ሆነው ቤት የሚከራዩ ልጆች ብዙ ናቸው። ቤቴ መጣች፣ ቡና አፈላሁ። ጥያቄዋ "ስራውን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?" ነበር። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። "ቆይ እንጂ፣ በዚህ ኑሮ ማን ስራ ይለቃል" ልላት ነበር። ሰላሳ ዓመት ልጅ ስመክር ኖሬ ዝም ማለት እንዴት ይሆንልኛል? ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ "ለቅቀሽ ወጣሽ እንበል፤ መጀመሪያ የምትነግሪው ለማን ነው?" አልኳት።

ዝም አለች። የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ እንደገና ጠቀለለች። ሲኒዋ ውስጥ ያለው አቦል ሲበርድ ይታየኝ ነበር። ልጨምርላት እጄን ዘርግቼ መለስኩት። ያኔ ብንቀሳቀስ ኖሮ የምትለውን አትለውም ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ "ለእናቴ" አለች። "እናቴ ግን ማታ መማር እንደምፈልግ አታውቅም። ሙሉ ደመወዜን ነው የምልክላት።"

አየህ ልጄ፣ ጥያቄዋ መልቀቅ ወይም መቆየት አልነበረም። እኔ "ቆይ" ብያት ቢሆን አመስግናኝ ትሄድ ነበር፣ የማታው ትምህርት ወሬም አይነሳም ነበር። በሦስተኛው ቀጠሮ ከእናቷ ጋር የምትነጋገርበትን ቀን ራሷ ቆረጠች። ዛሬ ስራዋም ላይ አለች፣ ማታም ትማራለች። ለእናቷ የምትልከው ቀነሰ፣ እናቷም ምክንያቱን ያውቃሉ።

ለመጀመሪያ የሚሆንህ የጥያቄ ቅደም ተከተል አለ፣ ግሮው ይሉታል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ጆን ዊትሞር ከባልደረቦቹ ጋር ያስፋፋው ነው። ሰውየው መጀመሪያ የመኪና ተወዳዳሪ ነበር። በእኛ ቋንቋ አራት ጥያቄ ነው። የምትፈልገው ምንድን ነው? አሁን የት ነህ? ምን ምን መንገድ አለህ? የቱን ትይዛለህ፣ መቼ? አብዛኛው ጀማሪ ከአንደኛው ዘሎ ሦስተኛው ላይ ያርፋል፣ መፍትሔ ለመስጠት ስለሚቸኩል። ሁለተኛው ላይ ቆይ። ሰው ያለበትን ቦታ በራሱ አፍ ሲናገር ብዙው ነገር እዚያው ይፈታል።

የአዝዋ ሰው | ረቡዕ ጠዋት 1፡30

መምህርት፣ ጽሑፍዎ ደስ ይላል። ግን የሚከብደኝን ልናገር። እዚህ አገር ሽማግሌ አለ። የንስሐ አባት አለ፣ ሸህ አለ። የቅሬ (የእድር) ዳኛ አለ። ሁለት ቤተሰብ ደም ቢቃባ አበጋር ተቀምጦ ያስታርቃል። ወሎ ውስጥ ሰው ችግሩን ተናግሮ የሚሰማው አጥቶ አያውቅም። አሁን ልጆች ለዚህ ገንዘብ ይክፈሉ ስንል ያለንን እየናቅን አይመስልም? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ጡረተኛዋ መምህርት | ረቡዕ ጠዋት 3፡10

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። እኔም መጀመሪያ ላይ ራሴን የጠየቅኩት ይሄንኑ ነው።

ሽማግሌ ዘንድ የሚኬደው ፍርድና ዕርቅ ሲፈለግ ነው። የንስሐ አባትም ሸሁም ዘንድ የሚኬደው ለነፍስ ነው። እነሱን የሚተካ የለም፤ እኔም ወደነሱ የመለስኩት ሰው አለ። ግን አንዲት የ22 ዓመት ልጅ "እናቴ ከምትፈልገው የተለየ ነገር እፈልጋለሁ" የሚለውን ለቅሬ ዳኛ ትናገራለች? ሽማግሌው አባቷን ያውቃል፣ አጎቷን ያውቃል፣ ነገ ለቅሶ ላይ ያገኛቸዋል። እኔ ዘንድ ስትመጣ የማውቀው እሷን ብቻ ነው። እኔም ወዲህ ሂጂ ወዲያ ሂጂ አልላትም።

ደግሞ ከአበጋሮቹ የተማርኩት ነገር አለ። አንዱ ወገን ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው አይገባም። ያንን ትዕግስት የውጭ ስልጠና ላይ "በንቃት ማዳመጥ" ብለው ነው ያስተማሩኝ።

የአዝዋ ሰው | ረቡዕ ጠዋት 3፡40

ይሄኛው ገብቶኛል። ለቅሶ ላይ ያገኛቸዋል ያሉት እውነት ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ነርስ ከቧንቧ ውሃ | ረቡዕ ማታ 1፡15

ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ፣ ለእኔ ደግሞ ዋናው እሱ ነው።

የሆጤ ልጅ፣ ኮቺንጉን የምትሰራበት ከተማ ደሴ ነው። በ2014 ያለፈብንን ሁላችንም እናውቃለን። በእግሩ ተሰዶ የተመለሰ፣ ወንድሙን ያጣ፣ ቤቱ የተዘረፈ ሰው ሁሉ ዛሬ መንገድ ላይ ደህና መስሎ ይሄዳል። አንተ ዘንድ ሲመጣ "ቁም ነገር ላይ መድረስ አቃተኝ፣ ሰነፍኩ" ይልሃል። ስንፍና ላይሆን ይችላል።

እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ደስታ ካልሰጠው፣ ይሄም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ የኮቺንግ ጉዳይ አይደለም። ያየው ነገር በሕልሙ እየተመለሰ የሚያስበረግገው ሰውም እንዲሁ። "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ቃል ከወጣው ደግሞ ቀጠሮ አትያዝለት፤ በዚያው ቀን ከቤተሰቡ ጋር ሆነህ ሆስፒታል ውሰደው። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለ። የሐኪሞቹን አሰራር ከአሁኑ ሄደህ ተረዳ። "ወዴት ልሂድ?" ሲልህ የምትመልሰው ይኑርህ።

ይሄን የምለው ስላየሁ ነው። "አስተሳሰብህን ቀይር፣ አዎንታዊ ሁን" ሲባል ከርሞ፣ ህመሙ ላይ "እኔ ደካማ ነኝ" የሚል ሐፍረት ጨምሮ የመጣ ወጣት አክመናል። አሰልጣኙ ክፉ ሰው አልነበረም። ድንበሩን አላወቀም።

አንድ ጠቃሚ ነገርም ልስጥህ፣ ማስፈራራት ብቻ እንዳይሆን። እኛ መጠጥ ወይም ሲጋራ ማቆም የሚፈልግ ሰው ስናነጋግር የምንጠቀምበት ጥያቄ ነው። "ይሄን ለመለወጥ ያለህ ፍላጎት ከ10 ስንት ነው?" ትለዋለህ። "4" ካለህ "ለምን 8 አልሆነም?" እንዳትለው። ያን ብትለው የማይችልበትን ምክንያት ይደረድርልሃል። "ለምን 2 አልሆነም?" በለው። ያኔ የሚፈልግበትን ምክንያት ራሱ ይነግርሃል። ከራሱ አፍ የወጣውን ደግሞ ይዞት ይሄዳል።

የሐረጎ ሹፌር | ረቡዕ ማታ 3፡50

ሰላም። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ በዚሁ መስመር ሚኒባስ ነው የምነዳው። ምናልባት የጥያቄውን ባለቤት ጭኜው አውቅ ይሆናል።

እኔ ላይ የሰራ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ዓመት "ከነገ ጀምሮ እቆጥባለሁ" ስል ኖርኩ። ማታ ቤት ስገባ ኪሴ ውስጥ የሚቆጠብ አይቀርም። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠ ተሳፋሪ ይሄን ስነግረው ምክር አልሰጠኝም። "የምትቆጥበው ስንት ሰዓት ላይ ነው? የት ቆመህ?" አለኝ። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ አሰብኩበት።

አሁን ማደያ ላይ ነዳጅ ቀድቼ በቴሌብር ስከፍል፣ ስልኩን ሳላስቀምጥ 100 ብር ወደ ቁጠባ አዞራለሁ። ማደያ ሳልቆም የምውልበት ቀን የለም። ስምንት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ላይ ረዳቴ ያስታውሰኝ ነበር፣ አሁን እጄ ራሱ ይሄዳል።

ካምፓስ | ረቡዕ ማታ 4፡30

ሹፌሩ ወንድማችን የነገረን ነገር ሳይንሱም ያውቀዋል። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የስነ ልቦና ተመራማሪ ነው በስፋት ያጠናው። "እቆጥባለሁ" ከሚል ሰው ይልቅ "ይሄ ሲሆን፣ እዚህ ቦታ፣ ይሄን አደርጋለሁ" ብሎ የወሰነ ሰው የተሻለ ይፈጽማል።

እግረ መንገዴን፣ "ልማድ በ21 ቀን ይገነባል" የሚለውን ባትሸጡብን ደስ ይለኛል። ነገሩ የመጣው በ1960 እ.ኤ.አ. አንድ የቀዶ ህክምና ሐኪም ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ከጻፈው ነው። ለንደን ላይ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። አዲስ ልማድ ያለ ማሰብ የሚሆን ነገር እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። አንዳንዱ 18 ቀን፣ አንዳንዱ ወደ 254 ቀን የሚጠጋ። አንድ ቀን መዝለልም ነገሩን አላበላሸውም። ሰው በ22ኛው ቀን ሲያቅተው "እኔ አልረባም" ብሎ የሚተወው ይሄን ስለማይነገረው ነው።

ስልጠናን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን የሚባል ማኅበር አለ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሰረተ። የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ኤሲሲ የሚሉትን፣ ለመስጠት ቢያንስ 60 ሰዓት ትምህርትና 100 ሰዓት ከሰው ጋር የተሰራ ልምድ ይጠይቃል። የምትከፍልበት ስልጠና ሁሉ የግድ በእነሱ በኩል ይሁን አልልም። ግን ከመክፈልህ በፊት "ስንት ሰዓት ከሰው ጋር እንለማመዳለን? ስንለማመድ ማን ቁጭ ብሎ ያርመናል?" ብለህ ጠይቅ።

የሆጤ ልጅ | ሐሙስ ምሳ ሰዓት

ምን እንደምል አላውቅም። ትናንት ማታ ሁሉንም ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ገጹ ላይ መለጠፍ አቁሜአለሁ። መምህርት፣ ሁለት ጥያቄ ልጠይቅዎት። ሦስቱን ሰዎች ከየት ላምጣ? ጓደኞቼን ልያዝ? ሁለተኛው ገንዘብ ነው፣ መቼ ነው ማስከፈል የምጀምረው?

ጡረተኛዋ መምህርት | ሐሙስ ማታ 1፡00

የቅርብ ጓደኛህንና ዘመድህን አትያዝ። እናትህን ያውቃሉ፣ አንተ ሚስጥራቸውን ታውቃለህ፣ አንተም ምን ማድረግ እንዳለባቸው አስቀድመህ ወስነሃል። የጓደኛ ጓደኛ ይሻላል። ባንክ መስኮት ላይ የሚመጡትንም አትንካ። የሂሳባቸውን መጠን እያየህ ሚስጥራቸውን መስማት አይሄድም፣ መስሪያ ቤትህም አይወደውም።

ለመስሚያ ካፌ አትምረጥ። ፒያሳ ካፌ ውስጥ ሰው አያለቅስም። ከቤትህ ሳሎን ጸጥ ያለ ሰዓት ካለ እሱ ይበቃል፤ ሴት ልጅ ከሆነች ግን በሩ ገርበብ ይበል፣ እናትህ ጓዳ ይኑሩ። ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ደብተር ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፍ፦ ዛሬ ስንት ጊዜ ምክር ሰጠሁ? የመጀመሪያው ቀን እኔ 11 ጽፌ ነበር።

ስለ ገንዘቡ ሌላ ሰው ይንገርህ፣ እኔ ጡረታ አለኝ።

ሂሳብ ሠራተኛ ኮምቦልቻ | ሐሙስ ማታ 2፡25

እኔ ልመልስ። ስድስት ቀጠሮ የጨረሱ ሦስት ሰዎች ሲኖሩህና ከእነሱ አንዱ ሌላ ሰው ሲልክልህ ማስከፈል ጀምር። የሰው ዋጋ አትቅዳ። የምታገለግለው ሰው በወር ስንት ያገኛል ከሚለው ተነሳ። የፋብሪካ ሠራተኛና የነጋዴ ልጅ እኩል ባይከፍሉ ነውር የለበትም፣ ግን አስቀድመህ ወስነህ ንገራቸው። የስድስቱን በአንዴ አትቀበል፤ መሃል ላይ መተው የሚፈልግ ሰው ብሩ አስሮት እንዳይቀር።

አንድ ገጽ ወረቀት ይኑርህ። ምን እንደምትሰራ፣ ምን እንደማትሰራ፣ ሚስጥር እንደምትጠብቅ፣ ህይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ለቤተሰብ እንደምትናገር። ሁለታችሁም ፈርሙ። ቋሚ ገቢ ሲሆን ንግድ ቢሮ ሄደህ በማማከር ዘርፍ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ ጠይቅ፤ የቲን ቁጥርም ያስፈልግሃል። ደግሞ በማስታወቂያህ ላይ "ህይወትህን በ30 ቀን እቀይራለሁ" እንዳትል። መፈጸም የማትችለውን ነገር መሸጥ ነው የሚሆንብህ።

የሆጤ ልጅ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ማታ 2፡10

ተመልሼ እንድነግራችሁ ቃል ባልገባም መናገር አለብኝ።

ነርሷ እህቴ ባሉት መሠረት መጀመሪያ ሆስፒታል ሄድኩ። የአእምሮ ህክምና ክፍል የሚሰራ ባለሙያ አግኝቼ ሰው እንዴት እንደሚላክ አስረዳኝ፤ ሰዓቱንና ክፍሉን ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩ።

ትናንት የመጀመሪያውን ሰው ተቀበልኩ። ሰኞ ገበያ ላይ ከአባቱ ጋር እህል የሚነግድ ልጅ ነው፣ ልጻፍበት ብዬ ጠይቄው እሺ ብሎኛል። የመጣው "ራሴን መለወጥ እፈልጋለሁ" ብሎ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት። ሲናገር፣ ሲያቆም፣ ሲናገር 40 ደቂቃ ሆነ። አንድ ቦታ ላይ ዝም አለ። እኔ የግድግዳውን ሰዓት ማየት ጀመርኩ። ከውጭ የአዛን ድምፅ መጣ፣ አለቀ። አሁንም ዝም አለ። ከዚያ "አባቴ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም" አለ። ወዲያው "አባትህ ይወድሃል እኮ" ብዬ ተናገርኩ። ልጁ አንገቱን ነቀነቀና ወሬውን ቀየረ። በሩ እንደተዘጋ ገባኝ።

ሲሄድ ደብተሬ ላይ 9 ጻፍኩ። መምህርት፣ ከእርስዎ በሁለት አንሻለሁ፣ ያቺ የአባቱ ግን ከዘጠኙ ሁሉ ትከብደኛለች።

ጡረተኛዋ መምህርት | እሁድ ማታ 2፡45

በሩን የዘጋህበትን ደቂቃ ማወቅህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ያን ለመስማት ወራት ፈጅቶብኛል። ሲመጣ መልሰህ ክፈተው። "ባለፈው ስለ አባትህ ስትነግረኝ ቸኮልኩብህ። ብትቀጥል እሰማለሁ" በለው። ከፈለገ ይቀጥላል፣ ካልፈለገ ተወው። መቼ ነው የሚመጣው?

የሆጤ ልጅ | እሁድ ማታ 2፡50

ቅዳሜ 9 ሰዓት።